ስድስተኛው ሸክላ

ቫልፓራይሶ ውስጥ፣ ባሮን ኮረብታ ጫፍ፣
አሳንሰሩ ወጥቶ ትንፋሹን ሲያሳርፍ፣
ዶን ኤሌውቴሪዮ ጫማ ይጠግናል፤
ሚስማር በከንፈሩ፣ ጆሮው ግን ይዳኛል።

አምስት ሸክላ አለው፣ ዘፈናቸው አንድ፤
«የጨው መስኮት» ይሉታል፤ ባል በመርከብ ሲሄድ
ሚስት መስኮት ከፍታ ባሕሩን ትለምናለች፤
ሲነጋ ከደፉ ላይ ጨው ትጠርጋለች።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ እንሰበሰባለን፤
ወይን በጣሳ ይዘን፣ የቆዳ ቁራጭ ክምር ላይ እንቀመጣለን፤
ዓሣ ሻጩ አብዶን፣ መምህርት ኦሪያና፣
እኔም የአሳንሰሩን ትኬት ስቆርጥ ውዬ፣ ጣቴ ደንዝዞ ገና።

መጀመሪያ ዶሪላ ናት። የሽንኩርት ሴት እላታለሁ፤
ቃሉን ስትልጠው፣ ስትልጠው፣ ሌላ ልጣጭ አያለሁ፤
ውስጡ ምንም ሳይኖር ዐይኔን እጠርጋለሁ።

ቀጥሎ ባልዶሜሮ፣ አርባ ቫዮሊን አስከትሎ፣
እንደ ሙሽራ አጃቢ መንገዱን ዘግቶ፣ ጡሩንባውን ሰቅሎ።
«ወንድ ሲያለቅስ እንዲህ ነው፣» አብዶን ደረቱን ነፍቶ፣
«ተሰልፎ፣ ታጥቆ፣ ጫማውን ቀብቶ!»
ደግ፤ ግን ያቺ ሴት፣ በዚህ ሁሉ ጋጋታ፣
የመርከቡን ፉጨት በየት በኩል ሰምታ?

ሦስተኛው ላይ የሊማ እኅትማማቾች አሉ፤
የእንጨት ሣጥን እየመቱ፣ ሐዘንን ወገቡን ይዘው ያስጨፍራሉ።
ኦሪያና ታኮርፋለች፤ «ቀብር ላይ ዳሌ!» ትላለች፤
ከወንበሩ ሥር ግን እግሯ ከድታታለች።

አራተኛው የዛሬ ልጅ ነው፤ ጊታሩ ኤሌክትሪክ፣ ድምፁ ሹክሹክታ፣
ባሕሩን ትቶ ለትራሱ የሚያወራ፣ እንቅልፍ አጥቶ ማታ።
አልወደውም ነበር። ብቻ ከሁለተኛው ስንኝ በፊት
አንድ ትንፋሽ ይስባል፤ ዘፋኝ የሚደብቃት ዓይነት፣
ስቱዲዮ የሚቆርጣት። እሱ ግን ተዋት፤
ከዘፈኑ ሁሉ ለእኔ የቀረችኝ እሷ ናት።

አምስተኛው ቃል አልባ ነው፤ አንድ የወደብ ዐይነ ስውር፣
አኮርዲዮኑ የተጣፈ፣ እንደ ሽማግሌ ሳንባ ትንፋሹ የሚያጥር፤
ሲጫወት ብርጭቆ ይጋጫል፣ አንዱ ያስላል፣ አንዱ ሒሳብ ይጠይቃል፤
ያ ሳል ባይኖር ዜማው የሚጎድል ይመስለኛል።

እንከራከራለን። ወይኑ ያልቃል፣ ሌሊቱ ይገፋል።
ዶን ኤሌውቴሪዮ ሚስማሩን ከከንፈሩ አውጥቶ
«አልሆነም፣» ይላል፣ አምስቱንም ሰምቶ።
«ምኑ?» ስንለው፣ ዝም። ወደ ሶሉ ያቀረቅራል።
አንዳንዴ ብቻ፦ «ስድስተኛ ሸክላ ነበረኝ፤ ተሰብሯል።»

አብዶን አምኖት፣ እሑድ እሑድ በአሮጌ ዕቃ ተራ
ሁለት ዓመት ዞረ፣ አቧራ ሲያራግፍ፣ ሲያጣራ።
«ዘፋኟ ማን ትባላለች?» ሲለው፣ «አትታወቅም፣» አለ፤
ሚስማሩን ስቶ አውራ ጣቱን አቆሰለ።

እኔ ግን አውቃታለሁ። ኒንፋ፣ ሚስቱ። በረንዳችን አጥር ለአጥር ነበር፤
ልጅ ሳለሁ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ያንኑ ዘፈን ስትጀምር፣
አምስቱም «ባሕር ሆይ፣ መልሰው» የሚሉበት ቦታ
እሷ «ባሕር ሆይ፣ አልብሰው» ትላለች፣ አንሶላ ዘርግታ።
«ተሳሳትሽ!» ይላል ባሏ ከታች፣ መዶሻውን ሳያቋርጥ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ሰኞ በመጣ ቁጥር፣ ያው ክርክር፣ ያው ቁጣ፣ ያው ሩጥ።
እሷም መቆንጠጫ ነክሳ፣ ፊቷን ሳታዞር፦
«ከበረደውስ?»

አሁን በረንዳው ላይ ገመዱ ብቻ አለ።

ትናንት ጫማዬን ልወስድ ሐሙስ ሳይደርስ ሄድኩ፤
በባዶ እግሬ ቆሜ፣ የተረከዙ ማስቲሽ እስኪደርቅ፣ ሳላስበው አንጎራጎርኩ።

መዶሻው ቆመ።

«ተሳሳትሽ፣» አለኝ።

ከታች አንድ መርከብ ጮኸ፤ ጉም ደረጃውን ይወጣ ነበር።
ሚስማሮቹን ከከንፈሩ አንድ በአንድ ለቅሞ
መዳፉ ላይ አኖረ። ቆጠራቸው መሰለኝ። ቆይቶ፣ ቆይቶ፣

«እስቲ ድገሚው።»